የኢፖክሲ ቀፎ ወዙን ይዞ ከሞልድ ይወጣል ወይ?

በጀልባ ሠሪዎች መድረክ ላይ ይህንን የውይይት ክር የከፈተው ሰው የትንንሽ መቅዘፊያ ጀልባዎችን ቀፎ በፖሊስተር፣ በመስታወት ጨርቅ ላይ ፈስሶ በሚጠነክር ሬዚን፣ ሲሠራ የኖረ ነው። ጎድጓዳ ሞልድ (ቀፎው የሚወጣበት ቅርጽ)፣ እኛ ሴቴ የምንለው፣ አለው፤ ውስጡ በደንብ የተወለወለ፣ ፊት የሚያሳይ። አሁን ወደ ኢፖክሲ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሬዚን፣ መዞር ፈልጓል፦ ቀፎው እንዲቀልለት፣ ግጭት እንዲችልለት፣ በፖሊስተር ውስጥ ያለው የስታይሪን ሽታም ከሥራ ቦታው እንዲጠፋለት። የለመደው መንገድ የታወቀ ነው። ሞልዱን ሰም ይቀባል፣ ባለቀለም የፖሊስተር ጄልኮት (የቀፎው ውጫዊ ፊት የሚሆነውን ንጣፍ) ይረጫል፣ ጄልኮቱ ጠጠር ሲል የመስታወት ፋይበር ማቱንና ጨርቁን በፖሊስተር ሬዚን ይደርባል፣ ሲጠነክር ያላቅቃል። ቀፎው ቀለሙንም ወዙንም ይዞ ይወጣል፤ ጠርዙን ከመከርከም በቀር የሚቀር ሥራ የለም። ጥያቄውን በትሕትና ነበር ያቀረበው። ያንኑ ጄልኮት ረጭቶ ከኋላው በኢፖክሲ ቢደርብ ይይዝለት እንደሆነ፣ ካልያዘለትም ኢፖክሲ የሚሠሩ ሰዎች ያንን ያለቀለት ፊት በምን እንደሚያገኙት ማወቅ ፈለገ።

ክሩ ረዘመ፣ መሃል ላይም ተካረረ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መልሶች አንብቦ ስለሚሄድ፣ እነሱ ደግሞ ብቻቸውን ሲነበቡ ስለሚያሳስቱ፣ ከዳር እስከ ዳር ልተርከው ወደድኩ። 16ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ወገን መያዜ አይቀርም፣ አቋሜንም አልደብቅም።

1ኛው መልስ አጭርና በራሱ የተማመነ ነበር። ካያክ ለዓመታት በዚሁ መንገድ እንደሠራ፣ አንድም ተላጦ እንዳልተመለሰበት ገልጾ ጠያቂው ሳይፈራ እንዲጀምር መከረ። ጄልኮቱን ምን ያህል እንዳቆየው፣ አሽቶት ይሁን ሳያሸው አልተናገረም። 2ኛው ፍጹም ተቃራኒውን ያዘ፦ ፖሊስተርና ኢፖክሲ እንደማይዋደዱ፣ ጄልኮቱ ዓመት ሳይሞላው ቅርፊቱን እንደሚጥል ተናግሮ ነገሩን ዘጋው። እሱም ምክንያት አልሰጠም።

3ኛውን የጻፉት በመድረኩ ብዙዎቻችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለቱም ያዩትን እንደተናገሩ፣ ልዩነቱ የመጣው ግን በመሃል ያለው የጊዜና የዝግጅት ጉዳይ ስለተዘለለ መሆኑን አስረዱ። የሞልድ ጄልኮት ሆን ተብሎ ሰም ሳይገባበት ይሠራል። አየር የሚነካው ወገኑ ኦክስጅን ስለሚከለክለው እስከ መጨረሻው አይደርቅም፤ ጣት ሲያርፍበት ይይዛል። ከኋላው የሚመጣው ፖሊስተር ስታይሪኑ በዚያ ባልደረቀ ፊት ውስጥ ይሰርግና ሁለቱ አብረው ይጠነክራሉ፣ አንድ አካል ይሆናሉ። ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም፣ የሚጠነክርበት መንገድም ሌላ ነው። ጄልኮቱን የሚይዘው እንደ ማጣበቂያ ብቻ ነው። በማጣበቂያነቱ ጎበዝ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ በጠነከረና በታሸ ጄልኮት ላይ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። ጣጣው በግማሽ በደረቀ ጄልኮት ላይ ሲፈስ ነው፤ በኢፖክሲው ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አሚን ፖሊስተሩን የሚያደርቀውን ፐርኦክሳይድ ያውካል፣ በመጋጠሚያው ላይም የማይጠነክር ስስ ንጣፍ ይቀራል። ልጣጩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ተገላቢጦሹንም ጠቀሱ፦ በቅጡ ባልጠነከረ ኢፖክሲ ላይ የተቀባ የፖሊስተር ጄልኮት ሙጫ ሙጫ እንዳለ ሊቀር ይችላል።

4ኛው ታዲያ ስንት ሰዓት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ጠየቀ፤ ጋሼ በ5ኛው ሰዓት ከመጥራት ተቆጠቡ። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚን የሚጠነክርበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለአንዱ አዳር የሚበቃው ለሌላው ሁለት ቀን ይፈጃል። ይበልጥ ያሳሰባቸው ግን ሌላኛው ጫፍ ነበር። ጄልኮት ሲጠነክር ይኮማተራል፤ ሞልዱ ውስጥ ብቻውን ብዙ ከቆየ፣ በተለይ ማዕዘን ላይ፣ ሳይፈለግ ይላቀቃል። የተላቀቀበት ጠርዝ ቀፎው ሲወጣ በፊቱ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ያ መስመር ደግሞ በፖሊሽ አይጠፋም። ሞልድ ውስጥ እንዳለ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም ያንኑ ሊያመጣ ይችላል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ነገር ስለሆነ እጅ ከከበደ እስከ ሞልዱ ድረስ ይበሳል። ከቸኮሉ አይጠነክርም፣ ከዘገዩ ይላቀቃል፣ ካላሹት አይይዝም፣ ሲያሹት ይነሳል። የ1ኛው መላሽ ስኬት ሐሰት አይመስለኝም። ግን በዚህ ጠባብ መንገድ እጁን ያስለመደ ሰው ስኬት ነው፤ ለአዲስ ገቢ እንዲህ በአንድ መስመር የሚሰጥ ምክር አልነበረም።

በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ 6ኛው ነው። የጻፈችው እህት ክርክሩን ትታ ሙከራዋን ተረከች። በመስታወት ቁራጭ ላይ ሰም ቀብታ ጄልኮት ረጨች። ግማሹን እንዳለ ተወችው፤ ግማሹን ከጠነከረ በኋላ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽታ ጠረገችው፣ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በኢፖክሲ ደረበች። ሁሉም ሲጠነክር ስል መሮ በጄልኮቱና በንብብሩ (ከኋላው በተደረበው ጨርቅና ሬዚን) መካከል አስገብታ በመዶሻ ነካ አደረገችው። ካልታሸው ወገን የጥፍር ስፋት ያለው ቅርፊት ተፈናጥሮ ወጣ። ገልብጣ ስታየው ጀርባው ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ነው፣ አንዲት የመስታወት ክር አልያዘም። የታሸው ወገን በግድ ነው የተነሳው፤ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ የተበጠሰ ነጭ የፋይበር ጸጉር ቆሞበታል። እዚያ የተቀደደው ንብብሩ ራሱ ነው፣ መጋጠሚያው አይደለም። ጠያቂው የማንንም ቃል ሳያምን ይህንኑ በራሱ ሬዚንና በራሱ ክፍል ሙቀት እንዲያደርግ፣ ሌላ ቁራጭም ውኃ ውስጥ ሰንበት አድርጎ እንዲደግመው አደራ አለችው፤ ደረቅ ሆኖ የያዘ ሁሉ ርሶ አይይዝምና። ይህንን የመሮ ሙከራ እኔም ስለማውቀው እመሰክርላታለሁ። የቅርፊት ጀርባ ከማንኛውም የምርት መግለጫ ወረቀት በላይ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ሳተ። 7ኛው መላሽ ችግሩ ሁሉ በገዛ እጅ የመጣ መሆኑን፣ ቪኒልኤስተር ሬዚን ከፖሊስተር ጄልኮት ጋር በደንብ ስለሚዋሃድና ውኃንም ከተራ ፖሊስተር የተሻለ ስለሚችል ጠያቂው ኢፖክሲውን ትቶ እሱን እንዲይዝ ሐሳብ አቀረበ። 8ኛው በቁጣ ተነሳበት፦ ሰውየው ከፖሊስተር የሸሸው ስታይሪን አስመርሮት እንደሆነ በግልጽ ጽፎ ሳለ ስታይሪን ያለበት ሌላ ሬዚን ማቅረብ ጥያቄውን አለማንበብ ነው ብሎ ወቀሰው። 9ኛው፣ ያው 7ኛው ራሱ ተመልሶ፣ ጥሩ ጭንብልና አየር ማስወጫ ካለ ስታይሪን ሰበብ እንደማይሆን በቅሬታ መለሰ። የ7ኛው የቴክኒክ ነጥብ ትክክል ነው፤ ወዝ ያለው ፊት በቀጥታ ከሞልድ ማውጣት ከሁሉም በላይ ለሆነበት ሰው ቪኒልኤስተር የሚናቅ አማራጭ አይደለም። ሆኖም ለተጠየቀው የሚሆን መልስ አልነበረም።

10ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ኢፖክሲ ቀፎ ላይ ለምን የፖሊስተር ጄልኮት እንደሚፈለግ እንደማይገባው፣ የኢፖክሲ ጄልኮት የሚባል ነገር እያለ ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን ለማጋባት መድከም ከንቱ መሆኑን ጻፈ። የኢፖክሲ ጄልኮት ቀለም የገባበት፣ በቆመ ግድግዳ ላይ እንዳይፈስ እንዲወፍር የተደረገ ኢፖክሲ ነው። ከኋላው ከሚደረበው ጋር አንድ ዘር ስለሆነ መጋጠሚያው ላይ ስጋት የለም፣ ጊዜው ከተጠበቀ። ጊዜውን የሚያውቅበትን መንገድ ሲገልጽ ደስ አለኝ። ከሞልዱ ከንፈር ላይ፣ ቀፎው ከሚከረከምበት መስመር ውጪ፣ ጓንት ባጠለቀ ጣት ጫን ያደርገዋል። ጣቱ ሲነሳ ፊቱ ላይ አሻራ ከቀረ፣ ጓንቱ ላይ ግን ምንም ቀለም ካልወጣ፣ ያኔ ጨርቁን ያነጥፋል። ቀለም ከወጣ ገና ነው፤ ጨርቁ ይጠልቅበትና ሽመናው በውጭ በኩል ይታያል። አሻራም ካልቀረ አልፏል፤ ያኔ መታጠብና መታሸት አለበት።

11ኛው በትሕትና አንድ እርማት አከለ፣ ይህ እርማት ግን የክሩን አቅጣጫ ቀየረው። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ይወይባል፣ ወዙን ያጣል፣ ውሎ አድሮም ላዩ እንደ ኖራ በእጅ ይነሳል። ስለዚህ የኢፖክሲ ጄልኮት ከሞልድ ሲወጣ የቱንም ያህል ቢያምር የመጨረሻ ፊት አይሆንም፤ ቀለም የሚቀባበት መሠረት ነው። 10ኛው ሰው በ12ኛው ላይ ቀለሙ ራሱ ከጨረር እንደሚከላከል ተከራከረ። 13ኛው ደግሞ ነጭ የኢፖክሲ ጄልኮት ያለው ቀፎ ውጭ ቆሞ ያየውን ገለጸ፤ ጥላ ያረፈበት ወገን ወዙ እንዳለ ሲሆን ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ግን በመዳፍ ሲዳሰስ ነጭ ዱቄት ይተዋል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ጀልባውን ከሸጠ በኋላ ደንበኛውን የማያይ ሰው ብቻ እንዲህ እንደሚመክር እስከ መናገር ደረሰ። ያ ዘለፋ አያስፈልግም ነበር። ቁም ነገሩ ላይ ግን ልክ ነው፤ ቀለም የገባበት ኢፖክሲ ጥፋቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም።

14ኛው ስለ መርፌ ቀዳዳዎች ነው፣ ረጅምና ጠቃሚ። ቀፎ ከሞልድ ወጥቶ ሲታይ ያለቀለት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ነው። መብራት በጎን ሲበራበት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ብቅ ይላሉ፣ በአፍንጫው መስመርና በኪሉ (ከቀፎው ሥር ባለው የመሃል መስመር) ማዕዘን ላይ ተሰልፈው። መላሹ ምንጫቸውን በሁለት ከፈለው። አንደኛው በብሩሽ ሲቀባ የሚገባ አየር ነው፦ ሬዚኑን ቀስ ብሎ መቀላቀል፣ ስስ አድርጎ መቀባትና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በደረቀ ብሩሽ ጫፍ በላዩ ማለፍ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ጨርቅ በሹል ማዕዘን ላይ ድልድይ ሲሠራ ከኋላው የሚቀር ባዶ ቦታ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከጨርቁ በፊት ማዕዘኑን የሲሊካ ዱቄት በገባበት ወፍራም ኢፖክሲ ሞልቶ ማለስለስ፣ መጀመሪያም ቀላልና ተጣጣፊ ጨርቅ ማንጠፍ ነው። ቫክዩም (አየሩን ስቦ ንብብሩን ሞልዱ ላይ መጫን) ይህንን ሁሉ ይፈታዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት መሆኑንም አስጠነቀቀ፤ ቫክዩም በደረቅ ማዕዘን ላይ ያለውን ሬዚን ጭራሽ ስቦ ሊወስደው ይችላል። እስማማለሁ። የተዘነጋ አንድ ድልድይ ቀፎው ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ አንድ ሰው ጉልበቱን ሲያሳርፍበት፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል።

15ኛው ሽመናው በቀለም ውስጥ አልፎ የሚታይበትን ነገር አነሳ። ኢፖክሲ ሲጠነክር ከፖሊስተር ያነሰ ስለሚኮማተር ችግሩ እንደማይኖር ብዙ ሰው ይገምታል። ሲወጣ ላይኖርም ይችላል፤ የሚመጣው በኋላ ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከሩ ብዙ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራሉ። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የተቀባ ቀፎ በጠራራ ፀሐይ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ያኔ ሬዚኑ ተንቀሳቅሶ እንደገና ይረጋጋል፣ የጨርቁ ጥልፍልፍ በወዛሙ ቀለም ላይ ተስሎ ይወጣል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቀለም የሚፈልግ ሰው ቀፎውን ከቀለም በፊት ቀስ በቀስ አሙቆ ማብሰል እንዳለበት፣ ይህንን የማይችል ግን ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም እንዲመርጥ መከረ።

በ16ኛው እኔ ገባሁ። ያልኩት ነገር አንድ ነው፦ ኢፖክሲ የሚሠራ ሰው ቅርጹን ከሞልድ፣ ወዙን ከቀለም ይጠብቅ፤ ይህንንም ሞልዱ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሳያርፍ ይወስን። ቀፎው ከወጣ በኋላ ሲወሰን ሁሉም ነገር ጥገና ይሆናል። አስቀድሞ ከተወሰነ ግን ሥራው ይቀላል። ሞልዱ ላይ የሚረጨው ወይም የሚቀባው የኢፖክሲ ፕራይመር ወይም የኢፖክሲ ጄልኮት ነው፣ ነጭ ወይም ግራጫ፤ ማማር አይጠበቅበትም፣ መታሸትና ቀለም መያዝ ነው ሥራው። ከኋላው ቀላል ጨርቅ፣ ቀጥሎ ዋናው ንብብር። ቀፎው ይበስላል፣ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በ220 ከዚያም በ320 ይታሻል፣ ባለሁለት ክፍል ፖሊዩረቴን ቀለም ይቀባል። ያ ቀለም ፀሐይ ይችላል፣ ወዙን ለዓመታት ይይዛል፣ ሲጫርም በከፊል ታሽቶ ይታደሳል። ከባድ ወገኑንም አልደበቅሁም፦ አቧራ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀለም መቀባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግን ውኃው መስመር ላይ ጄልኮቱ በቅርፊት የተነሳ ጀልባ ይዞ የሚመጣን ሰው ፊት አይቻለሁ፤ ያንን ቀፎ ማዳን ማለት ጄልኮቱን በሙሉ ፍቆ እንደገና መጀመር ማለት ነው። ለዚያ ሰው ስል በዚህ ነገር አልለዝብም።

17ኛው ሊታለፍ የማይገባ ጥያቄ ሰነዘረብኝ፣ ሻከር ባለ አነጋገርም ቢሆን። መጨረሻው ቀለም ከሆነ ያን ያህል የተወለወለ ሞልድ መያዝ ምን ትርጉም አለው? ከወንዴ ቅርጽ፣ ጨርቁ በውጭ በኩል ከሚደረብበት ጉብ ያለ ቅርጽ፣ ላይ ደርቦ ውጭውን በስቱኮ ማስተካከልስ ምን ልዩነት አለው? ልዩነቱ የሰው ጉልበት ነው ብዬ በ18ኛው መለስኩ። ከወንዴ ቅርጽ ላይ የወጣ ቀፎ ውጫዊ ፊቱ የጨርቅ ፊት ነው፤ ማይክሮባሎን (ጥቃቅን ባዶ ኳሶች የሆነ ቀላል ዱቄት) በገባበት ኢፖክሲ ተለስኖ፣ በረጅም ማሻ እየታሸ፣ እንደገና ተለስኖ ነው የሚስተካከለው፣ ያ ሁሉ ስቱኮም ክብደት ይሆናል። ከሴቴ ሞልድ የወጣ ግን ሲወጣ ቀጥ ብሎ ነው፤ የሚታሸው ቀለም እንዲይዝ ብቻ ነው። የሞልዱ ልስላሴ ደግሞ ቀፎውን ለማላቀቅም ያስፈልጋል፣ ኢፖክሲ ሻካራ ፊት ካገኘ አይለቅም።

ይህ ወደ ሰም አመጣን። 19ኛው ኢፖክሲ ከፖሊስተር የበለጠ ስለሚጣበቅ አዲስ ሞልድ ደጋግሞ በካርናውባ ሰም መቀባት፣ እያንዳንዱ ዙር ተወልውሎ እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት፣ በላዩም የፒቪኤ ፊልም (ቀፎው ሞልዱ ላይ እንዳይጣበቅ የሚለይ ስስ ሽፋን) መርጨት እንደሚሻል ገለጸ። 20ኛው ቀፎው ከተላቀቀ በኋላ ያለውን ያዘ፣ ይህንን ሁሉም ቀለም ቀቢ ሊያነብበው ይገባል። የወጣው ቀፎ ፊት ላይ ሰምና ፒቪኤ አለ። ፒቪኤው በውኃ ይታጠባል። ሰሙ ግን በማሟሟያ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይነሳል፣ ማሟሟያው ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቆቹም ቶሎ ቶሎ ይቀየራሉ። ይህ ሁሉ ከማሸት በፊት ነው። ሰሙ ሳይነሳ የሚያሽ ሰው ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል፤ ቀለሙ ሲቀባም እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል፣ ቀቢዎች የዓሣ ዐይን የሚሉትን። አንድ ሰው አሚን የሚተወው ቅባታም ላብም በዚሁ ማሟሟያ ይነሳ እንደሆነ በመሃል ጠይቆ ነበር፤ ያኛው በውኃና በሻካራ ስፖንጅ እንጂ በማሟሟያ እንደማይለቅ፣ የሚወጣውም አየር በሚያገኘው በቀፎው ውስጠኛ ወገን እንጂ ሞልዱን በተደገፈው ፊት ላይ እንዳልሆነ ተመለሰለት።

ከ21 እስከ 24 ያለው የክሩ ሞቃት ክፍል ነው። 21ኛው መላሽ አየሩ ሲቀዘቅዝ ማጠንከሪያውን ጨመር ማድረግ እንደሚበጅ ጻፈ፣ በፖሊስተር ላይ ካታሊስት እንደሚጨመረው። 22ኛው እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ኢፖክሲ በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ተናግሮ ክፉኛ ዘለፈው። ጋሼ በ23ኛው ሁለቱንም አበረዱ። ካታሊስት ፖሊስተሩን ያስነሳዋል እንጂ የአካሉ ክፍል አይሆንም፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ባለው ክልል እንደ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን ከሬዚኑ ጋር ተጋጥሞ የሚቀር ግማሽ አካል ነው፤ ትርፉ አጋር ሳያገኝ ነጻ ሆኖ ይቀራል፣ ቀፎውም ለስላሳና ቅባታም ይሆናል። ለብርድ የሚሆነው ፈጣን ማጠንከሪያ መምረጥ ወይም ክፍሉን ማሞቅ ነው። በክብደትና በመጠን የሚሰጡት ልኮች የተለያዩ ስለሆኑ እንዳይምታቱም አሳሰቡ። 21ኛው ሰው ቅር ሳይለው አመሰገናቸው። 22ኛው ዝም አለ።

25ኛው ስለ ጤና ነበር፣ ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም አልወጣም። ኢፖክሲ ብዙ ስለማይሸት የማይጎዳ ይመስላል፣ ግን ቆዳ ላይ ተደጋግሞ ሲያርፍ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ የጀመረበት ሰውም በትንሹ እየተነሳበት ሙያውን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። ፖሊዩረቴን ቀለም ሲረጭ ደግሞ ኢሶሳያኔት አለው፤ ተራ የአቧራ ጭንብል ምንም አያደርግለትም፣ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያቀርብ ጭንብል ይፈልጋል። ያ የሌለው ሰው በሮለር ቀብቶ በብሩሽ ጫፍ ቢያለሰልስ ለትንሽ ቀፎ ያምርለታል፣ ሳንባውን መጠበቅ ግን በዚያም አይቀርለትም። ይህንን እኔ በ16ኛው ላይ ማካተት ነበረብኝ የሚል የለም፣ ግን እሱ ስላካተተው ደስ ብሎኛል።

26ኛው ወደ እንጨት ወሰደን። ሚሺጋን ውስጥ የጉጆን ወንድማማቾች ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንጨትን በኢፖክሲ የመሥራትን መንገድ እንዴት እንዳስፋፉ ተርኮ፣ አንድ ጀልባ ብቻ የሚሠራ ሰው ሞልድ ከሚያበጅ ቀጫጭን የእንጨት ጣውላ ቢገጣጥም እንደሚሻለው ጻፈ። ለአንድ ጀልባ እውነቱን ነው። ጠያቂያችን ግን ሞልዱ በእጁ አለ፣ ብዙ ቀፎም ያወጣበታል።

27ኛው ጠያቂው ራሱ ነበር። የእህታችንን ሙከራ በራሱ ሬዚን አድርጎ፣ ያልታሸው ጄልኮት በመሮ ወዲያው እንደተነሳ፣ የታሸው እንደያዘ፣ ሆኖም ማሸቱ ሞልዱ ላይ ሲሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በእጁ አይቶ ጄልኮቱን እንደተወ ገለጸ። ነጭ የኢፖክሲ ፕራይመር መርጧል፣ ቀለሙን በሮለርና በብሩሽ ሊቀባ። 28ኛው፣ 1ኛውን የጻፈው ሰው፣ አሁንም በራሱ መንገድ እንደሚቀጥል በጨዋ ቃል ተናገረ፤ ማንም አልተቃወመውም። 29ኛው ቀፎውን ሞልዱ ውስጥ እንዳለ ማብሰል ይቻል እንደሆነ ሲጠይቅ ጋሼ በ30ኛው ሞልዱ ተራ ፖሊስተር ከሆነ ሙቀቱ ሞልዱን ራሱን ሊያጣምምና ፊቱን ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ይሻላል ያሉት ቀፎው በክፍል ሙቀት ከጠነከረ በኋላ አውጥቶ፣ ቅርጹን በሚይዝ መደገፊያ ላይ አስቀምጦ፣ ሙቀቱን በሰዓት 10 ዲግሪ ያህል ብቻ እየጨመሩ የሬዚኑ አምራች ወደሚያዘው መውሰድ ነው።

31ኛው የተረፈው የፖሊስተር ጄልኮት ምን እንደሚሆን ጠየቀ። በ32ኛው ያቺው የመሮዋ እህት፣ ሞልዱ ላይ ለሚከሰት ጭረት ለሞልድ ተብሎ የሚሠራው ጠንካራ ጄልኮት እንጂ ይህኛው እንደማይመከር፣ ይህኛው ግን ጠያቂው ከዚህ በፊት በፖሊስተር ለሠራቸው ጀልባዎች ጥገና ልክ የሚሆን ስለሆነ ጊዜው ሳያልፍበት ለዚያ እንዲያውለው ነገረችው።